ዕጣ የወጣለት ገበሬ፦ የአሚሽ ልጅነት አገልጋይን እንዴት ይሠራል?

ጠረጴዛው ላይ ስድስት ወይም ሰባት የመዝሙር መጻሕፍት ተደርድረዋል። መልካቸው አንድ ነው። እንዳይከፈቱ በክር ወይም በላስቲክ ታስረዋል። በአንዱ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አለች፤ ላይዋ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ተጽፏል። ዕጣውን የሚጥለው ሰው ቢሆንም ውሳኔው የእግዚአብሔር ነው የሚለው የምሳሌ 16፥33 ቃል ብዙ ጊዜ ይመረጣል።

ስማቸው የተጠራ ወንዶች ተራ በተራ ተነሥተው አንዳንድ መጽሐፍ ይወስዱና ተመልሰው ይቀመጣሉ። ጳጳሱ እየዞሩ ይከፍታሉ። የመጀመሪያው ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛው ላይ ወረቀቷ ብቅ ትላለች። አለቀ። ያ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሰባኪ ነው። እዚያው ይሾማል። የሚያጨበጭብ የለም፤ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚልም የለም። ሚስቱ ታለቅሳለች፣ ጎረቤቱም አብሮ ያለቅሳል። ማታ ደግሞ እንደ ወትሮው ላሞቹ መታለብ አለባቸው።

በነገራችን ላይ፣ ጳጳስ ስል የእኛን ጳጳስ አታስቡ። እሳቸውም አራሽ ወይም አናጢ ናቸው፤ ከሰባኪዎቹ መካከል በዚሁ በዕጣ የወጡ።

አሚሾች፣ በአሜሪካ ገጠር ከዘመናዊ ኑሮ ራቅ ብለው የሚኖሩት ክርስቲያኖች፣ አገልጋይ የሚመርጡት እንዲህ ነው። አንድ አጥቢያ ከ20 እስከ 40 ቤተሰብ ይይዛል። አዲስ ሰባኪ ሲያስፈልግ ከቁርባን ሥርዓት በኋላ ምእመናን አንድ በአንድ ወደ በሩ ይሄዱና በጆሮ ስም ይናገራሉ። ሴቶቹም እኩል ይጠቁማሉ፤ ለሹመት መታጨት ግን አይችሉም። ሁለት ወይም ሦስት ጥቆማ ያገኘ ባለትዳር ወንድ ዕጣው ውስጥ ይገባል። የሥነ መለኮት ኮሌጅ የለም። ደመወዝ የለም። «ይቅርብኝ» ማለትም አይታሰብም፤ ወንድ ልጅ ሲጠመቅ ዕጣ ቢወጣለት እንደሚያገለግል ቃል ይገባላ።

ዕጣ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ማትያስ በይሁዳ ቦታ የተተካው በዕጣ ነው። የግብፅ ኮፕቶችም በ2012 አቡነ ታዋድሮስን የመረጡት ዓይኑ የተሸፈነ ልጅ ስም እንዲያወጣ አድርገው ነው። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኮፕቶች ግን ዕጣ ውስጥ የሚያስገቡት በገዳም የቆዩና የተማሩ አባቶችን ነው። አሚሾች የሚያስገቡት ትናንት ሣር ሲያጭድ የዋለውን፣ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመውን ጎረቤታቸውን ነው። ይህ ሰው በሳምንታት ውስጥ ያለ ምንም ወረቀት ቆሞ መስበክ ይጠበቅበታል። እንዴት ይችላል?

የሚችለው ልጅነቱ ራሱ ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው። የአሚሽ አስተዳደግ ሃያ ዓመት የሚፈጅ የአገልጋይ ማሠልጠኛ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ችግሩ ይህ ማሠልጠኛ የቆመው እርሻ ላይ ነው። እርሻው ደግሞ ከእጃቸው እየወጣ ነው።

ወደኋላ ትንሽ እንሂድ። በ1525 ዙሪክ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች «ጥምቀት አውቆ ላመነ ሰው እንጂ ለሕፃን አይደለም» ብለው እርስ በርስ ተጠማመቁ። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ተነሣባቸው። ከመካከላቸው ፌሊክስ ማንዝ በጥር 1527 ታስሮ ሊማት ወንዝ ውስጥ እንዲሰጥም ተደረገ። ከዚህ እንቅስቃሴ በኔዘርላንዱ ካህን በሜኖ ሲሞንስ ስም የሚጠሩት ሜኖናይቶች መጡ። በ1693 ደግሞ ያኮብ አማን የሚባል ሽማግሌ «ሥርዓቱ ላልቷል፣ ከማኅበሩ ከተወገዘ ሰው ጋር ማዕድ መቁረስ አይገባም» ብሎ ተለየ። ተከታዮቹ አሚሽ ተባሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፔንስልቬንያ መሻገር ጀመሩ። በ1900 አምስት ሺህ ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ400,000 በላይ ናቸው። ሰብከው ያመጡት ሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይወልዳሉ፣ ከሚወልዷቸው ልጆች ከመቶ 85 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ይቆዩላቸዋል። በቃ።

አሁን ልጁን እንየው።

አምስት ዓመት ሲሞላው እንቁላል ይለቅማል። ትንሽ ቆይቶ ጥጆች ያጠጣል፤ አሥር ዓልፎት ፈረስ ይነዳል። ይህን የገጠር ኢትዮጵያ ልጅም ያውቀዋል፣ አይደንቀንም። ለነገሬ የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ ልጁ ቀኑን ሙሉ ከአባቱ ጋር ነው። አባቱ ሲናደድ ያየዋል። በግ ሲሞትበት፣ ነጋዴ ሲያታልለው፣ ዝናብ ድርቆሹን ሲያበላሽበት ምን እንደሚል ይሰማል። የጎረቤት ጎተራ ሲቃጠል ደግሞ መቶ ምናምን ሰው በደቦ ወጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ ያቆምለታል። ልጁም ሚስማር እያቀበለ አለ። ኢንሹራንስ አይገቡም። የመንግሥት ጡረታም በ1965 ኮንግረሱ ባወጣው ሕግ ቀርቶላቸዋል፤ እኛው እንጦራለን ብለው። «ባልንጀራህን ውደድ» ለዚህ ልጅ ጥቅስ ብቻ አይደለም፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚያሠራው ሥራ ነው።

ከዚያ እሑድ አለ። የጸሎት ቤት አይሠሩም። በየሁለት ሳምንቱ በአንዱ ቤት ወይም ጎተራ ይሰበሰባሉ፤ አግዳሚ ወንበሮቹ በጋሪ ተጭነው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል። ሕፃናቱም አሉ፣ የሰንበት ትምህርት ክፍል ብሎ ነገር የለም። የሚዘምሩበት አውስቡንድ የሚባለው መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው በ1564 ነው። ከመዝሙሮቹ ቀደም ያሉት በፓሳው ግንብ ታስረው የነበሩ አማኞች የደረሷቸው ናቸው። ኖታ የለውም፤ ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የመጣው። ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚዘመረው መዝሙር አራት አንቀጽ ብቻ ነው። እሱን ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። የእኛ መዘምራን ቢሰሙት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ብዬ እገምታለሁ።

መዝሙሮቹ እየተዘመሩ አገልጋዮቹ ወደ ፎቅ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ይወጣሉ። ዛሬ ማን ይስበክ የሚለውን የሚወስኑት ያኔ ነው። ተረኛው የሚያውቀው ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው ማለት ነው። ዋናው ስብከት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሰባኪው ይህን ሥራ የማይገባው ደካማ ሰው መሆኑን ተናግሮ ይጀምራል፤ ወግ ነው፣ ብዙዎቹ ግን ከልባቸው ነው የሚሉት። ከአባቶች ታሪክ ተነሥቶ ወደ ክርስቶስ ይደርሳል። ሠርግ ከሆነ የጦቢትን ልጅ ጋብቻ ይተርካል። አዎ፣ በእኛ 81ዱ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ጦቢት። የሉተር የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ይዞላቸው ቀርቷል።

እስቲ አስሉት። በዓመት 26 እሑድ፣ ለሃያ ዓመት። ዕጣ የወጣለት ሰው ከ500 በላይ እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ተቀምጧል። የስብከቱ አካሄድ፣ የድምፁ ዜማ፣ የታሪኮቹ ቅደም ተከተል አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይረሳል፣ ያለቅሳል። ማንም አይስቅበትም። የጠቆሙት እነሱ ናቸዋ!

ቤት ውስጥ የሚነገሩት ታሪኮችም አሉ። ዲርክ ቪለምስ የሚባል የሆላንድ ሰው በ1569 ከእስር አምልጦ በቀጭን በረዶ ላይ ሲሮጥ የሚያሳድደው ጠባቂ በረዶው ተሰብሮበት ውሃ ውስጥ ገባ። ዲርክ ተመልሶ አወጣው። ከዚያ ተይዞ በእሳት ተቃጠለ። የአሚሽ ልጅ ይህን ሳይሰማ አያድግም። አስተውሉ፣ ታሪኩ ውስጥ ሽልማት የለም። ደግ ሠራ፣ ተቃጠለ፣ አለቀ። በዚህ ታሪክ ያደገ ሰው ሰባኪ ሲሆን «እመኑ፣ ትበለጽጋላችሁ» የሚል ስብከት ከአፉ አይወጣም። ከየት ያመጣዋል?

ትምህርቱ አንድ ክፍል ባለው የራሳቸው ትምህርት ቤት ነው። መምህርቷ አብዛኛውን ጊዜ ያላገባች ወጣት ናት፤ እሷም የተማረችው እስከ ስምንተኛ ነው። ይህ ፍርድ ቤት አድርሷቸዋል። ዊስኮንሲን ውስጥ ሦስት አባቶች ልጆቻችንን ሁለተኛ ደረጃ አንልክም ብለው አምስት አምስት ዶላር ተቀጡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ለአባቶቹ ፈረደ። ዳኛ ዳግላስ ብቻ በከፊል ተቃወሙ፦ ልጆቹን ራሳቸውን ማን ጠየቃቸው? ጥያቄው እስካሁን አልተመለሰም፤ እኔም ደጋግሜ የምመለስበት ነው።

ከ16 ዓመት በኋላ ወጣቱ ከእኩዮቹ ጋር መውጣት ይጀምራል፤ ሩምሽፕሪንጋ ይሉታል። ቴሌቪዥን ይህን ወቅት የመጠጥና የጭፈራ ዘመን አድርጎ ይሸጠዋል። እንደዚያ የሚያደርጉ አሉ፤ ብዙኃኑ ግን እሑድ ማታ ተሰብስቦ ይዘምራል፣ የትዳር ጓደኛ ይፈልጋል። ከዚያ፣ በአብዛኛው ከ18 እስከ 22 ባለው ዕድሜ፣ ውሳኔው ይመጣል። ሳይጠመቅ የሄደ አይወገዝም። ተጠምቆ የሄደ ግን ቃሉን አፍርሷልና ይገለላል፤ እናቱ ቤት ቢመጣ እንኳ የሚበላበት ጠረጴዛ ሊለይ ይችላል።

ይህ ሁሉ በተግባር ምን ያፈራል? ኒክል ማይንስን የሚያስታውስ መልሱን ያውቀዋል። ጥቅምት 2 ቀን 2006 በፔንስልቬንያ፣ በላንካስተር አውራጃ አንድ አሚሽ ያልሆነ የአካባቢው ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ አሥር ሴት ልጆችን ተኮሰ። አምስቱ ሞቱ። ራሱንም ገደለ። በዚያው ዕለት አሚሾች ወደ ገዳዩ ቤተሰብ ሄደው አጽናኗቸው። ቀብሩ ላይም ተገኙ። ዓለም ጉድ አለ። ጋዜጠኞች ይህን ያደረገ ታላቅ መሪ ማን እንደሆነ ፈለጉ፤ አላገኙም። ስብሰባ አልተጠራም፣ መመሪያ አልወጣም። በየቀኑ አባታችን ሆይን የሚጸልይ፣ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለውን ከነቅድመ ሁኔታው የሚወስድ፣ የዲርክን ታሪክ ሰምቶ ያደገ ሕዝብ ሌላ የሚያደርገው ነገር አያውቅም ነበር። ይቅርታው ኀዘናቸውን አልሻረውም። ግን በማግስቱ ምን እንደሚያደርጉ አልጠፋቸውም።

እዚህ ላይ ብቆም ግማሹን ብቻ ነገርኳችሁ ማለት ነው። ይህንኑ ይቅርታ ከቤት ውስጥ ስታዩት መልኩ ይለወጣል። አንድ ሰው በደል ሲፈጽም በጉባኤው ፊት ተንበርክኮ ይናዘዛል፤ ከበድ ካለ ለስድስት ሳምንት ይገለልና ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተዘግቷል፤ የሚያነሣው ሰው ራሱ በደለኛ ይሆናል። በደሉ ሰክሮ መገኘት ከሆነ ጥሩ ነው። በገዛ ቤቷ የተደፈረች ልጅ ከሆነችስ? እሷም «ይቅር በዪ» ትባላለች፣ ደፋሪዋ ሦስት መደዳ ራቅ ብሎ ይዘምራል። በቅርብ ዓመታት በፔንስልቬንያና በሌሎች ግዛቶች እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ደርሰዋል፤ ሰምተው ለፖሊስ ሳይናገሩ የቀሩ የቤተ ክርስቲያን መሪዎችም ተጠይቀዋል። ትሕትናን ያስተማረው አስተዳደግ አፍ ማዘጋትንም አስተምሯል። ሁለቱን ነጥሎ አንዱን ብቻ ማድነቅ አይቻልም። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመች፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት የለመደች፣ ስልክ የሌላት ልጅ ለማን ትናገር? የዳኛ ዳግላስ ጥያቄ እዚህ ይመጣል።

ሌላም ተቃርኖ አለ። ለአገልግሎት እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ማኅበር አገልጋዮቹን ወደ ውጭ አይልክም። ጥንታዊውን ሥርዓት የያዙት አሚሾች ሚስዮናዊ የላቸውም። ልቡ ወደ ሩቅ የሚጎትተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሜኖናይቶች ወይም ላላ ወዳሉት የአሚሽ ቅርንጫፎች መሻገር ነበረበት።

ኦሪ ሚለርን ውሰዱ። በ1892 ኢንዲያና ውስጥ፣ ሚድልበሪ አጠገብ ከአሚሽ ሜኖናይት ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ሰባኪ፣ ኋላም ጳጳስ ሆነዋል። ሚለር አግብተው ፔንስልቬንያ ገቡ፣ በአማታቸው የጫማ ንግድ ሠሩ። ለሰባኪነት ታጭተው ዕጣ ውስጥ ገብተው ነበር፤ አልወጣላቸውም። በሌላ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ ተቀይመው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይከፍቱ ነበር። እሳቸው ጫማቸውን እየሸጡ የሜኖናይት ማዕከላዊ ኮሚቴ የሚባለውን የእርዳታ ድርጅት ከ1935 እስከ 1958 በዋና ጸሐፊነት መሩ። የላንካስተር ሜኖናይቶች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሚስዮናውያን ሲልኩም ከዋነኞቹ አስተባባሪዎች አንዱ ነበሩ።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ክርም እዚህ ነው። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ፣ በ1945፣ የሜኖናይት እርዳታ ሠራተኞች ኢትዮጵያ ገቡ። ናዝሬት ላይ የጥጥ መዳመጫ በነበረ ግቢ ውስጥ ሆስፒታል ከፈቱ፤ ኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል ይባል የነበረው። ቀጥለው የመጡት ሚስዮናውያን አብዛኞቹ የላንካስተር ገበሬ ልጆች ነበሩ። አሚሽ አይደሉም፤ የአሚሽ ጎረቤትና የሥጋ ዘመድ ናቸው፣ በዚያ ዘመን እነሱም ሰባኪ የሚሾሙት በዕጣ ነበር። ከእነሱ ሥራ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተወለደች። ደርግ በ1982 ሲዘጋት አባላቷ አምስት ሺህ ገደማ ነበሩ። መሪዎቿ ታሰሩ፣ ንብረቷ ተወረሰ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መገናኘት ቀጠሉ፤ እናቶችና ወጣቶች መሩ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1991 በሩ ሲከፈት ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ።

ይህን ለላንካስተር ገበሬዎች መስጠት አልፈልግም። ያን ያደረጉት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እሳቱም በአብዛኛው በ1960ዎቹ ናዝሬት ላይ ከተነሣው የወጣቶች መነቃቃት የመጣ ነው። ግን ሕንጻ ሲወሰድ የማትሞት፣ በቤት የምትሰበሰብ፣ አገልጋይዋ ከጎረቤት የሚወጣ ቤተ ክርስቲያን ትኖራለች የሚለው እሳቤ ከዚያ ወገን አብሮ የመጣ ነው። ዛሬ ማንም ተነሥቶ ለራሱ «ነቢይ» የሚል ማዕረግ በሚለጥፍበት ከተማ ይህ ውርስ ቢታወስ ክፉ አይመስለኝም።

ወደ መሬቱ ልመለስ። ላንካስተር ውስጥ አንድ ኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) የእርሻ መሬት ከ20,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። ሰባት ልጅ ያለው አባት ለሁሉም እርሻ መግዛት አይችልም። በትልልቆቹ ሰፈሮች፣ በላንካስተር፣ በኦሃዮው ሆምስና በሰሜን ኢንዲያና፣ አብዛኛው አባወራ ዛሬ ገበሬ አይደለም። ሰሜን ኢንዲያና ውስጥ ብዙዎቹ ተጎታችና ተንቀሳቃሽ ቤት የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ይሠራሉ። ገና ሳይነጋ የምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል። ልጁ አባቱ ሲናደድ የሚያይበት ሜዳ የለም። ሽማግሌዎቹ ያማርራሉ፦ ወጣቱ ኪሱ ሞልቷል፣ ጊዜውም ባዶ ነው።

አንዳንዱ ርካሽ መሬት ፍለጋ ወደ ኒውዮርክ ገጠር፣ ወደ ኬንታኪ፣ ወደ ዊስኮንሲን ይሰደዳል። ሌላው ግቢው ውስጥ የእንጨት ሥራ ይከፍታል፤ የሆምስ የቤት ዕቃ የታወቀ ነው። ሁለተኛው መንገድ የሚያዛልቅ ይመስለኛል። ምክንያቱም ልጁን ይሠራ የነበረው ማረሻው አልነበረም፤ የአባቱ ቅርበት ነው። አናጢ አባትም ቅርብ ነው።

እስካሁን ፋብሪካው ልጆቹን አላስኮበለለም። በሰሜን ኢንዲያና ሲታይ ማኅበሩን ጥሎ ከመውጣት ጋር ይበልጥ የተያያዘው የአባት ፋብሪካ መሥራት ሳይሆን የልጁ የመንግሥት ትምህርት ቤት መማር ነው። ግን መቆየትና ማገልገል ይለያያሉ። የአሚሽ ሠርግ ብዙ ጊዜ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ነው፣ ቀብር በማንኛውም ቀን ይመጣል፣ የታመመም ቀን አይመርጥም። ገበሬው ሰባኪ ማረሻውን አቁሞ ይሄድ ነበር። አናጢውም ሱቁን ይዘጋል። በሰዓት የሚከፈለው የፋብሪካ ሠራተኛ ግን አለቃውን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። አጥቢያዎቹ ቁጥራቸው በበዛ ቁጥር እየተከፈሉ አዲስ ዕጣ ይጥላሉ፤ ዕጣው ደግሞ የሚወጣለትን ሰው የሥራ ሰዓት አይጠይቅም።